ዎሊ ሬንጅ ቤት ልትገዢ ከሆነ ይቺን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

እህታችን ትናንት እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ "ከለንደን ወደ ማንችስተር ልንዛወር ነው። ባለቤቴ ዌሊ ሬንጅ የሚባል ሰፈር አንድ የድሮ ቤት አይቶ ወዶታል። ሰዎች ግን የሰፈሩ ስም ጥሩ አይደለም ይሉኛል። የምታውቁ ካላችሁ እንዴት ነው?"

እህቴ፣ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ገዝተን ገባን፤ አሁንም እዚያው ነን። ስለ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) እና ስለ ሰርቬይ (የቤት ምርመራ) ሌሎች ብዙ ጽፈውልሻል፣ አልደግመውም። እኔ የምነግርሽ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነው። አጠራሩ መጀመሪያ "ዎሊ" ነው። ቤት የሚያሻሽጠው ኤጀንት ፊት "ዌሊ" ካልሽ ከሩቅ እንደመጣሽ ወዲያው ያውቃል፣ ዋጋውም ላይ ይጠነክርብሻል።

1ኛ. ቤቱ ከመንገዱ በየትኛው በኩል እንደሆነ እዪ

አፐር ቾርልተን ሮድ የሚባለው ትልቅ መንገድ ድንበር ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የማንችስተር ካውንስል (የከተማው አስተዳደር) ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የጎረቤቱ የትራፎርድ ካውንስል ነው። ፖስት ኮዱ በሁለቱም በኩል ኤም 16 ስለሆነ ኤጀንቶች ሁሉንም "ዎሊ ሬንጅ" እያሉ ይሸጡታል። የካውንስል ታክሱ ይለያያል። ልጆች ካሉሽ ግን ከታክሱ በላይ የሚያሳስበው ትምህርት ቤቱ ነው። ትራፎርድ እስከ ዛሬ በ11 ዓመት ፈተና የሚገባባቸው ግራመር ስኩሎች አሉት። ማንችስተር የለውም።

ዊልያም ሁልምስ ግራመር ስኩል የሚባለው እዚሁ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት እንዳያሳስትሽ። በ1887 የተከፈተ ነው። ለረጅም ጊዜ ተከፍሎ የሚማሩበት ነበር። ከ2007 ወዲህ ግን በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ በነፃ የሚማሩበት አካዳሚ ነው። እኛ "ግራመር" የሚለውን አይተን ፈተና አለው ብለን ትልቋን ልጃችንን አንድ ክረምት ሙሉ አስጠናናት። ልጅቷ እስከ ዛሬ ታነሳብናለች።

2ኛ. ታሪኩን እወቂ፣ ኪስሽ ድረስ ይመጣል

ይህን ስል ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ቆይቶ ይገባሻል።

በ1830ዎቹ ማንችስተር የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ጭሱ ሰማዩን ሸፍኖታል። ገንዘብ ያገኙት ነጋዴዎች መሀል ከተማውን ትተው መውጣት ፈለጉ። ሳሙኤል ብሩክስ የሚባል ባንክ የነበረው ሰው ይህን ቀድሞ ገባው። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጃክሰንስ ሞስ የሚባል ረግረግ መሬት ገዛ። ቦይ አስቆፍሮ ውሃውን አስወጣ። ሰፋፊ መንገዶች ዘረጋ፣ ዛፍ አስተከለ፣ ለራሱም ትልቅ ቤት ሠራ። ስሙን ያወጣለት በላንካሸር ባለችው፣ እሱ በመጣበት አገር በምትገኘው የዎሊ መንደር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ታቅደው ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ የሀብታም ሰፈሮች አንዱ ይህ ነው።

መንገዶቹ የግል ነበሩ። መግቢያው ላይ ኬላ ነበረ። ዛሬም መንገዶቹ የሚገናኙበትን ቦታ "ብሩክስስ ባር" ይሉታል። ብዙ ሐበሻ መጠጥ ቤት ይመስለዋል። ባር ማለት እዚህ ላይ ኬላ ነው፣ የብሩክስ ኬላ። 86 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ይህን የነገርኩት ሰው ብዙ ነው።

ኮሌጅ ሮድ ላይ ያለውን ትልቅ ሕንፃ ሳታዪ እንዳትመለሺ። ግንቡ ከሩቅ ይታያል። በ1843 የተከፈተው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች እንዲማሩበት ነበር። ዛሬ የብሪታንያ ሙስሊሞች ቅርስ ማዕከል ነው። ሰፈሩን በአንድ ሕንፃ ልታውቂው ብትፈልጊ እሱ ይበቃሻል። ሰባኪ ሲወጣበት የነበረ አዳራሽ ውስጥ ዛሬ የፓኪስታን ሰርግ ይደገሳል። እኛም ተጠርተን በልተናል።

መጥፎ ስሙ ከየት መጣ? ሀብታሞቹ ቀስ በቀስ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚያን ትልልቅ ቤቶች በክፍል በክፍል እየከፈሉ ማከራየት ተጀመረ። ቤድሲት ይሉታል፣ አንድ ክፍል፣ የጋራ መታጠቢያ። ፖላንዶች መጡ፣ አየርላንዶች መጡ፣ ከካሪቢያን መጡ፣ ከፓኪስታንና ከህንድ መጡ። ሌላ ቦታ "ክፍል የለንም" የተባለ ሰው ሁሉ እዚህ ክፍል አገኘ። በኋላ አከራዮቹ ቤቱን ማደስ ተዉ። በ1980ዎቹና 90ዎቹ አንዳንዱ መንገድ ማታ ማታ የሴተኛ አዳሪዎች መቆሚያ ሆነ። "ስሙ ጥሩ አይደለም" የሚሉሽ ሰዎች የሚያስታውሱት ያንን ነው። ጎረቤቴ አሮጊቷ ጃማይካዊት ያን ጊዜ ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር መንገድ ላይ ወጥተው እንዴት እንደታገሉ ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራል። እኔ ስገባ ያ ሁሉ አልፎ ነበር። በሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእግሬ ወደ ቤት ገብቻለሁ፣ ምንም አልደረሰብኝም። የመኪና መስታወት ግን ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል፣ አልደብቅሽም።

3ኛ. ቺፍ ሬንት

ወደ ዋናው መጣሁ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ በድሮ ቤት ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ትንሽ የመሬት ክፍያ ነው።

ቤታችን ፍሪሆልድ ነው። ሶሊሲተሩም (የግዢውን ሰነድ የሚያየው ጠበቃ) ፍሪሆልድ ነው አለን። እኛም መሬቱም ቤቱም የኛ ነው ብለን ደስ አለን። ከገባን ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለእኛ ሳይሆን ቤቱን ለሸጠልን ሰውዬ ነው። 5 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ክፈል ይላል። የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው ብዬ ጣልኩት። በዓመቱ ደገመ። አሁንም ጣልኩት። አጭበርባሪ ይሆናል ብዬ ለባለቤቴም ነገርኩ።

በ2022 መጸው የሞርጌጃችን ወለድ የማይለወጥበት አምስት ዓመት አለቀ። አዲስ የብድር ኦፈር ይዘናል፣ ወለዱም ጥሩ ነበር። የዚያን ወቅት ታስታውሻለሽ፣ ወለድ በየቀኑ የሚዘልበት ጊዜ ነበር። የአበዳሪው ሶሊሲተር ሰነዱን ሲያገላብጥ ቆየና "ቤቱ ላይ ያልተከፈለ ቺፍ ሬንት አለ፣ ይህ ሳይጸዳ አንቀጥልም" አለ። በዚያው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ መጣ። አሁን 5 ፓውንድ አይደለም። ውዝፉ፣ የአስተዳደር ክፍያው፣ የማስታወሻ ክፍያው ተደምሮ 380 ፓውንድ ሆኗል።

ደብዳቤውን ወደ ላከው ድርጅት ደወልኩ። አርባ ደቂቃ መስመር ላይ ጠበቅኩ። ያነሳችው ሴትዮ ስሜን እንኳን አልጠየቀችም። "ደብዳቤው የመጣው በሌላ ሰው ስም ነው" አልኳት። "ቤት ሲገዙ ሰነድዎን ማንበብ ነበረብዎት" አለችኝ። "ደረሰኙን ላኩልኝ፣ ዛሬውኑ እከፍላለሁ" አልኳት። ለደረሰኙም ክፍያ አለው አለች። ስለዚህ ሕግ ምን እንደማውቅ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ "ካልከፈሉ ቤትዎ ላይ የራሳችንን ሊዝ (የረጅም ጊዜ ኪራይ) ማስመዝገብ እንችላለን" ብላ ስልኩን ዘጋች። ያን ማታ አልተኛሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ የገዛሁትን ቤት በ5 ፓውንድ ከ25 ሊወስዱብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያሳዘነኝ ደግሞ ያን ጊዜ ሕጉ በእርግጥ ይፈቅድላቸው የነበረ መሆኑ ነው። በ1925 የወጣው የንብረት ሕግ ክፍያው 40 ቀን ካለፈው እንዲህ ያለ ሥልጣን ይሰጣቸው ነበር። በ2024 የወጣው የሊዝሆልድና የፍሪሆልድ ማሻሻያ ሕግ ነው ይህን ያስቀረው።

ነገሩ ምን መሰለሽ። የድሮዎቹ የማንችስተር ባለመሬቶች መሬቱን ለግንበኞች ሲሰጡ ዋጋውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቀበሉም ነበር። "መሬቱ ያንተ ይሁን፣ ግን በየዓመቱ ይህን ያህል ትከፍለኛለህ" ይላሉ። ግንበኛው ሲሸጠው ክፍያው ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል። አባቶቻችን ርስትና ጉልት ይሉት የነበረውን አስቢው። ርስቱ ያንቺ ነው፣ ግን ከላይ ሌላ ሰው ግብር የመቀበል መብት አለው። ሊዝ አይደለም። ቤቱ መቼም ወደ እነሱ አይመለስም። ክፍያው በውሉ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል፣ አይጨምርም። ያን ጊዜ ደህና ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ የሁለት ቡና ዋጋ አይሞላም። የባለመሬቶቹ ልጆች መብቱን ሸጡት፣ ድርጅቶች በጅምላ ገዙት። ድርጅቶቹ 5 ፓውንዷን አይፈልጓትም። የሚፈልጉት እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጥል ሰው ነው።

ከፈልኩ። 380ውን ከፈልኩ፣ ለራሴ ሶሊሲተር 540 ከፈልኩ። ወረቀቱ እስኪስተካከል ሰባት ሳምንት ሄደ። ያ ጥሩው ኦፈር ጊዜው አለፈበት። አዲሱ በወር 210 ፓውንድ ይበልጥ ነበር፣ ለሁለት ዓመት። 5,040 ፓውንድ ማለት ነው። እናቴን ላስመጣበት ያሰብኩት ገንዘብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በ1977 የወጣ ሕግ አለ። አዲስ ቺፍ ሬንት እንዳይፈጠር የከለከለ ነው፣ የነበሩትም በ2037 እንዲያበቁ ይላል። እስከዚያ መጠበቅ ካልፈለግሽ ክፍያውን አንድ ጊዜ ከፍለሽ ማስወገድ ትችያለሽ። ለመንግሥት ክፍል ታመለክቻለሽ፣ ማመልከቻው ነፃ ነው፣ ሒሳቡን ራሳቸው በቀመር ይሠሩታል። የኔ 60 ፓውንድ አልሞላም። ወራት ፈጅቷል፣ ቅጹንም ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል። ግን ሠርቼዋለሁ፣ ያለ ሶሊሲተር፣ በራሴ እንግሊዝኛ። የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ባለቤቴ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ የመንገዳችንን ሦስት ቤተሰቦች ቅጽ ሞልቼላቸዋለሁ፣ አንዱ እንግሊዛዊ ነው።

አዲስ በተሠሩ ቤቶች ላይ ለግቢና ለመንገድ ጥበቃ የሚከፈለው ሌላ ዓይነት ነው። እሱ በ2037 አይቆምም፣ በየዓመቱም ሊጨምር ይችላል። ባልሽ ያየው የድሮ ቤት ስለሆነ ግን ያንቺ ጉዳይ የኔው ነው።

4ኛ ብዬ ስለ ዛፍ ልጽፍ ነበር፣ ረዘመብኝ። ባጭሩ፣ ከሰፈሩ ከፊሉ የተጠበቀ አካባቢ ነው። ቤትሽ እዚያ ውስጥ ከሆነ ግቢሽ ውስጥ ያለውን ትልቅ ዛፍ ከመቁረጥሽ ስድስት ሳምንት በፊት ለካውንስሉ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው። ጥላ በዛብኝ ብለሽ መጋዝ እንዳታነሺ።

ቤቱን አትግዢ እያልኩሽ ግን አይደለም። እኔ ተቃጥዬም ሰፈሩን እወደዋለሁ። በ1870 የተከፈተው አሌክሳንድራ ፓርክ አለልሽ። ሠራተኛው በዕረፍት ቀኑ መጠጥ ቤት ከሚውል ንጹሕ አየር ይቀበል ብለው የሠሩት ነው። በ1978 በዘረኞች ላይ የተጠራው ትልቅ የሙዚቃ ሰልፍ እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር፣ በየነሐሴው ደግሞ የካሪቢያን ካርኒቫል አለ። በ1913 ፓርኩ ውስጥ የነበረው የቁልቋል መስታወት ቤት በቦምብ ተመትቷል፤ የሴቶችን የምርጫ መብት የሚጠይቁት ታጋዮች ናቸው ቦምቡን ያጠመዱት። ማኅበራቸው በ1903 የተመሠረተው ከፓርኩ በእግር ግማሽ ሰዓት በሚሆን በፓንክረስት ቤተሰብ ቤት፣ ኔልሰን ስትሪት ላይ ነው። የዚያ ቤት ልጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ጣሊያን ሲወረን ከ1936 ጀምሮ በጋዜጣዋ የጮኸችልን፣ በ1956 አዲስ አበባ የገባች፣ በ1960 አርፋ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች። የትውልድ ከተማዋ ይህች ማንችስተር ናት። ልጆቼን ቤቱን ሳሳያቸው ታናሹ "የኛ ናት እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

እና እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት ሶሊሲተርሽን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። ቺፍ ሬንት አለበት ወይ? ሻጩ እስከ ዛሬ የከፈለበትን ደረሰኝ ያሳየን። ለማን ነው የሚከፈለው፣ አድራሻውስ? በቃል ቢነግሩሽ እንዳትቀበዪ። ሰነዱ ሲደርስሽ "ሬንትቻርጅ" የሚል ቃል (የቺፍ ሬንት የሕግ ስሙ ነው) ካየሽ ገጹን ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ። ማታ ሥራ ላይ ብሆንም አነበዋለሁ።