ልጁ የዳነ ሲመስል መድኃኒቱን መቀጠል አለማመን ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእህቴ ልጅ 6 ዓመቱ ነው። የደም ካንሰር ተገኝቶበት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ አምስት ወር ሆነው፤ ጠበልም ይጠመቃል። አሁን መጫወት ጀምሯል። ሐኪሞቹም «በምርመራ ካንሰሩ አይታይም» ብለዋል። ዘመዶች «እግዚአብሔር ከማረው በኋላ መድኃኒት መስጠት አለማመን ነው» ይላሉ። የወላጆቹን ኃጢአት የሚያነሡም አሉ። እህቴን ምን ብዬ ልምከራት?

መልስ፦ እኅቴ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ዛሬውኑ ንገሪያት።

እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አንጠራጠርም። ነገር ግን ጌታችን ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ያለውን አስተውዪ፦ «ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ» (ማቴ 8፥4)። በሕጉ ለምጽን የሚመረምረው ካህኑ ነበር፤ አይቶ ሰባት ቀን ይለየዋል፣ ደግሞም ያየዋል (ዘሌ 13)። ጌታ ራሱ ፈውሶት ሳለ የመርማሪውን ሥራ አልሻረም። የዚህን ሕፃን ደምና መቅኔ የሚመረምረው ሐኪሙ ነውና፣ «ጨርሷል» የሚለውን ከእርሱ አፍ መጠበቅ እምነትን አያጎድልም።

«አይታይም» ማለት ደግሞ ተነቅሎ አለቀ ማለት አይደለም። በልጆች ላይ አብዝቶ የሚታየው የደም ካንሰር ምልክቱ በሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት ሊጠፋ ይችላል፤ ሆኖም ምርመራ የማይደርስባቸው የካንሰር ሴሎች ስለሚቀሩ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቀጥላል። በመካከል ከተተወ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ሲያገረሽም ማዳኑ ይከብዳል። በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ100 ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በታች ናቸው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ሕክምናን ማቋረጥ ነው። ይህን ሳስብ «በቃ ተዉት» የሚል ምክር ያስፈራኛል።

ጠበሉና ጸሎቱ ይቀጥሉ። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ጸልይ ካለ በኋላ ለሐኪም ቦታ ስጥ ይላል። ብቻ ኬሞ በሽታን የሚከላከለውን የልጁን ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተጋፍቶ እንዳይጠመቅ፣ ስለሚጠጣውም ውኃ ሐኪሙ ይጠየቅ። ካህኑ ቤት መጥተው ሊጸልዩለት ይችላሉ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ጸሎቱ እስኪያልቅ አይጠበቅ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ።

ኃጢአት ስለሚያነሡት፣ ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዕውሩ ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታ «እርሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም» ብሎ መለሰ (ዮሐ 9፥3)። ያቺ እናት ሌሊት ሌሊት «ምን አድርጌ ይሆን?» እያለች ራሷን ስትጠይቅ እንደምታድር አትጠራጠሩ፤ ቁስሏን አትንኩባት።

ይልቅስ አግዟት። ጉንፋን ያለበት ሰው አይሂድ፤ ጤነኛው ሄዶ አንድ ሌሊት ስለ እርሷ ሆስፒታል ይደር። ሌላ ልጅ ካላትም እርሱን የሚያቅፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ቤቱ ሁሉ ወደ ታማሚው ሲያይ እርሱ ይረሳልና።

ሕክምናው ሲያልቅ ጠያቂው ሁሉ ይበተናል። ወላጆቹ ግን ለእያንዳንዱ ትኩሳት «ተመለሰ?» እያሉ የሚንቀጠቀጡት ያኔ ነው። ልጁም ለዓመታት ክትትል ያስፈልገዋል፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ልብን ሊጎዱ ይችላሉና። ከትምህርቱም ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ የምትበላውን እንዲሰጧት አዝዟል (ሉቃ 8፥55)። አንቺም ያን ጊዜ ለክትትል ቀጠሮው አብረሻት ሂጂ፣ ያመለጠውንም ትምህርት አስጠኚው።