ኬሞ እየወሰድኩ በምርምር ተስፋ ማድረጌ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ኬሞ ጀምሬያለሁ። አዲስ ምርምር ወጣ ሲባል ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም፤ ሳነብ አድራለሁ። አክስቴ «ተስፋሽን በሰው ላይ ጣልሽ፤ ኬሞውን ተይና ጠበል ግቢ» ትለኛለች። እውነት እምነት ጎድሎኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ኬሞውን እንዳታቋርጪ።

አክስትሽ ይህን ያለችው ስለምትወድሽ ነው። ግን ጠበልንና መድኃኒትን ማጣላት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ተነስቶ፣ መድኃኒታቸውን ጥለው ጠበል የገቡ ምእመናን ነበሩ። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጋጩ በግልጽ ተናግረዋል።

ንጉሡን ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት ታሞ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ቃሉ ተሰጥቶት አልቋል። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ነቢዩ መድኃኒት ማዘዙን እንደ ክህደት አልቆጠረውም።

ሲራክም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል (38፥4)። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ማዳጋስካር የምትበቅል አንዲት ባለ ሮዝ አበባ ተክል ትታወሰኛለች። ተመራማሪዎች የፈተሿት ለስኳር በሽታ ትጠቅም እንደሆነ ብለው ነበር። ስኳሩን ትተው ነጭ የደም ሴል እንደምትቀንስ አስተዋሉ። ቪንክርስቲን የሚባለው መድኃኒት የተገኘው ከእሷ ነው፤ ዛሬ የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ይታከሙበታል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክስልም መጀመሪያ የወጣው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ተክሏን ማን አበቀላት? ማስተዋሉንስ ማን ሰጠ? ስለዚህ በምርምር ደስ ሲልሽ አትሸማቀቂ፤ አመስግኚ። ፍሬው እኛም ደጅ ደርሷል። የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል። አክስትሽ ሴት ልጅ ካላት ይህን ንገሪያት።

የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ብዙው ዜና ገና በአይጥ ላይ የተሞከረ ነገር ነው፤ ሰው ጋ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሳይደርስ የሚቀርም አለ። ዜናው ባማረ ቀን የምትስቂ፣ በከፋ ቀን የምትወድቂ ከሆነ ነፍስሽ ትደክማለች። ያነበብሽውን ጻፊና በቀጠሮሽ ቀን ሐኪምሽን ጠይቂው፤ ሌሊቱን ለዳዊትሽና ለእንቅልፍሽ ተዪው። በእግዚአብሔር ያለሽ ተስፋ የምርምር ውጤት አይጠብቅም። ጳውሎስ «በሕይወት ሆነን ብንኖር ወይም ብንሞት የጌታ ነን» ያለው ይህንኑ ነው (ሮሜ 14፥8)። ትድኛለሽ ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ የእሱ እንደሆንሽ ግን አልጠራጠርም።

ጠበሉን አትተዪ። ነገር ግን ኬሞ ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን ቶሎ ይይዛል። ከመጠጣትሽም ከመጠመቅሽም በፊት ሐኪምሽን ጊዜውን አማክሪ። እሱ እስኪፈቅድ ካህን ቤት ጠርተሽ ጸሎተ ቀንዲል ያድርሱልሽ። ጾሙንም በራስሽ አትወስኚ፤ የንስሐ አባትሽ ለሕመምተኛ የሚገባውን ይነግሩሻል። አክስትሽን ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻት ሂጂ፤ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ትጸልይልሽ።

ስመ ክርስትናሽን ላኪልኝ፤ በጸሎት እናስብሻለን።