የሞዴል አውሮፕላን መስታወት ሲበላሽ፦ ጥያቄና መልስ ከወሎ ልጆች ጋር

ስለ ሞዴል አውሮፕላን መስታወት ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን እነሆ። መስታወት እንበለው እንጂ ያው ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊስታይሪን። ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይጫራል፣ ኬሚካል አይችልም።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የሚግ 21 ተዋጊ ጄት መስታወት በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። ሲነጋ ነጭ ጭጋግ ለብሶ አገኘሁት። በቲነር ልጥረገው?

ኧረ ተው! ቲነር ጭጋጉን ትቶ መስታወቱን ነው የሚበላው። አሴቶንም ያው ነው። ነጩ ነገር የሙጫው ትነት ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ እላዩ ላይ ይደርቃል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ አልገባም። በለስላሳ ጨርቅና በጥርስ ሳሙና ቀስ ብለህ ፈትገው። ጭጋጉ በውስጥ በኩል ከሆነ ግን በስስ ምላጭ ሳትቸኩል ከመንቀል ሌላ መላ የለም። ከእንግዲህ የአናጢ ነጭ ኮላ ተጠቀም። ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ጭጋግ የለውም፣ ሳይደርቅ ደግሞ በውሃ ይለቃል።

ከደሴ፦ ሙጫ የነካ ጣቴ መስታወቱ ላይ አረፈ። አሻራዬ ቁጭ ብሏል።

ወዳጄ፣ አሁን አትንካው። ሙጫው ፕላስቲኩን አለስልሶታል፤ ብትጠርገው ታሰፋዋለህ። አንድ ሁለት ቀን ተወው፣ ይጠንክር። ከዚያ በውሃ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት ፈልግ። የመኪና ቀለም የሚቀቡ ጋራዦች ጋ አይጠፋም። አሻራው እስኪጠፋ በ1000 ቁጥር ፈግፍግ፣ ከዚያ 1500፣ 2000፣ ካገኘህም 3000። ሁሌም በውሃ፣ ጠብታ ሳሙና ጨምረህበት። ቁጥር በቀየርክ ቁጥር የምትፈገፍግበትንም አቅጣጫ ቀይር፤ የቀድሞው ጭረት መጥፋቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። መሃል ላይ መስታወቱ ወተት ሲመስል አትደንግጥ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። በመጨረሻ በመኪና ፖሊሽ ወይም በጥርስ ሳሙና አሸው። አንጸባራቂ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ካለህ ንከረውና ትርፉን በሶፍት ጫፍ አንጠፍጥፍ። የቀረችውን ቀጭን ጭረት ይሞላታል። እስኪደርቅ ብርጭቆ ድፋበት፣ አቧራ እንዳይቀመጥበት።

ከወልድያ፦ የኤፍ 5 መስታወት ፍሬም ስቀባ ቀለሙ በቴፑ ስር ሰርጎ ገባ።

እህቴ፣ ቀለሙ ምንድን ነው? መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው) ከሆነ የፋርማሲ አልኮል፣ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ከሆነ ዋይት ስፒሪት። ስቲኪኒ ጫፉን አሹይና በትንሹ አርጥበሽ ፋቂው። ብረት አይነካውም! በሚቀጥለው ቴፑን ከለጠፍሽ በኋላ ጠርዙን በቀጭን ቫርኒሽ ዝጊው። ቫርኒሹ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ቀለሙ መግቢያ ያጣል።

ከሐይቅ፦ የሱኮይ 27 ጄቴ መስታወት መሃሉ ላይ መስመር አለው። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

አይደለም፣ የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ ነው። የመስታወቱ ሆድ ከግርጌው ስለሚሰፋ በሁለት ወገን ቅርጽ ካልሆነ አይወጣም። በምላጭ ጠርዝ ላጭተህ ለደሴው ልጅ ያልኩትን አድርግ።

ከደሴ፦ ቴፕ ሳልለጥፍ ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ነፋሁበት። መስታወቱ ደበዘዘ።

አንጸባራቂ ቫርኒሽ ደርብበት፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ብርሃኑን ይመልሳል። ደግሞ በሐምሌ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ አትንፋ። እርጥበቱ ራሱ ቫርኒሹን ያነጣዋል። ፀሐይ ጠብቅ፣ ወይ ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ ይዘህ ውረድ።

ከመርሳ፦ መስታወቱን ስጫነው ውስጡ ተሰነጠቀ።

አይድንም። ስንጥቁ ለፍሬሙ ከቀረበ በፍሬሙ ቀለም ሸፍነው፤ ካልሆነ ሌላ መስታወት ፈልግ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የአየር መንገዳችንን ዲሲ 3 እየሠራሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረበትን። አንድ መስኮት ወደ ውስጥ ወድቆ ሆዱ ውስጥ ይንኳኳል።

አውሮፕላኑን እንዳትከፍተው! በቀዳዳው ኮላ ጠብ አድርግና አዘንብለው፤ የወደቀው እዚያው ተጣብቆ ዝም ይላል። የጎደለውን መስኮት በኮላ ሥራው። ስቲኪኒ ኮላ ውስጥ ነክረህ በቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን አዙር፣ ከዚያ ወደ መሃል ሳበው። ስስ ሽፋን ይዘረጋል። መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ሲደርቅ ይጠራል። በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ) ሞዴል መስኮት ላይ ቆንጆ ይሠራል። እንዲያውም ሁሉንም መስኮቶች እንዲህ ብታደርጋቸው ይሻላል፣ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ እንዳይለይብህ።