ደሴ ራጅ ክፍል ለአታችመንት ለምትመጪው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሜዲካል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፣ በቅርቡ ደሴ ለአታችመንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ትመጫለሽ። «ለመውጫ ፈተናው እያነበብኩ ነው፣ በሽተኛ ፊት ስቆም ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። እናቴ ደግሞ ጨረሩ ልጅ ያሳጣሻል ትለኛለች» ብለሻል። እኔ ደሴም ኮምቦልቻም ራጅ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ተማሪም ብዙ አይቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ፖዚሽኑን፣ ማለትም በሽተኛው እንዴት ሆኖ እንደሚነሳ፣ መጽሐፍ ያስተምርሻል። የደረት ራጅ ቆሞ፣ ከጀርባ ወደ ፊት፣ ከ180 ሳንቲሜትር ርቀት፣ ትንፋሽ ተስቦ ተይዞ። ይህን ሁሉም ተማሪ ሸምድዶ ነው የሚመጣው። የሚቸገሩት ሌላ ቦታ ነው። በሽተኛው በሩን ከፍቶ ከገባ ጀምሮ አንቺ ቁልፉን እስክትጫኚ ድረስ ያለችው ትንሽ ደቂቃ ናት ከባዷ።

ከስም ጀምሪ። የምትመጪው ወሎ ነው። ኮሪደር ላይ ወጥተሽ «ሰይድ መሐመድ!» ብለሽ ብትጣሪ ሦስት ሰው ሊነሳልሽ ይችላል። አንዱ ለደረት፣ አንዱ ለጉልበት፣ አንዱ ልጁን ይዞ የመጣ። ስለዚህ እስከ አያት ስም ጠይቂ። ዕድሜና የመጡበትንም ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። «ሰይድ መሐመድ ነዎት?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። ወረፋ የሰለቸውም ጆሮው የከበደውም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። «ስምዎ ማን ነው?» በይና እሳቸው ይንገሩሽ። ቀጥለሽ «የትኛው ነው የሚያምዎት?» በይና በእጃቸው ያሳዩሽ። ወረቀቱ ግራ ብሎ እሳቸው ቀኙን ካሳዩሽ አታንሺ። ያዘዘውን ሐኪም ጠይቂ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ያልታመመ እግር አንስተሽ ከምትልኪ ይሻላል። ፊልሙ ላይ ቀኝና ግራን የሚያሳየው ምልክት (ማርከር) ከማንሳትሽ በፊት ይቀመጥ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ እጽፈዋለሁ የሚባለው ልማድ አይመቸኝም።

ትንፋሽ ላይ ጊዜ ስጪ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆነሽ «ትንፋሽ ይሳቡ! ይያዙ!» ብለሽ ብትጮሂ ከገጠር የመጡት እናት ፊታቸውን አዙረው «ምን አልሽኝ ልጄ?» ይሉሻል። በዚያች ሰዓት ከተጫንሽ ፊልሙ አለቀለት። መጀመሪያ አጠገባቸው ቁሚ። «እናቴ፣ እንደኔ ያድርጉ» በይና አንቺው አየር ስበሽ፣ አፍሽን ዘግተሽ አሳያቸው። አንዴ አብራችሁ ሞክሩት። ዓይንሽ ደረታቸው ላይ ይሁን። ከፍ ያለው ትከሻቸው ብቻ ከሆነ ሳንባቸው አልሞላም። ፊልሙ ላይ ከዲያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 9 ወይም 10 የኋላ የጎድን አጥንት ካልቆጠርሽ ጤነኛው ልብ ያበጠ ይመስላል፣ የሳንባው ሥር ደግሞ ምች ያለበት ይመስላል። ሰውየው ባልያዘው በሽታ መድኃኒት ሊታዘዝለት ነው ማለት ነው። አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሰው ሲመጣሽ «ይሳቡ»፣ «ይያዙ»፣ «ይልቀቁ» የሚሉትን ከአስታማሚው ጠይቀሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ሦስት ቃል ናት፣ ሁልጊዜ ታገለግልሻለች።

አንገት ላይ ክታብ ታገኛለሽ፣ ማተብ ከነመስቀሉ ታገኛለሽ። መቀስ ይዘሽ አትቅረቢ። «ፊልሙ ላይ ጥላ ስለሚጥል ለትንሽ ጊዜ ልጅዎ ይያዝልዎት» ካልሽ አብዛኛው ሰው ራሱ ያወልቃል። ሹሩባም እንዲሁ ነው። ትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባ የሳንባው ጫፍ ላይ ቁስል የሚመስል ጥላ ይሠራል፣ ወደ ላይ ሰብስቢው። ደግሞ ደሴ ብርድ ነው። ልብሳቸውን አውልቀው የሚጠብቁትን ሰው ቶሎ ጋዋን አልብሺ። ደረታቸውን የሚያስጠጉበት ነገር እንደሚቀዘቅዝም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ ደንግጠው ይሸሻሉ።

የእርግዝና ጥያቄ ላይ ተማሪዎች ያፍራሉ። እውነትም ከባድ ነው። ያላገባች ልጅ እናቷ አጠገብ ቆማ «እርጉዝ ነሽ?» ብትባል የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ደንብ አድርጊው፤ ማንም ሴት ብትሆን ከመጠየቅሽ በፊት አስታማሚ ሁሉ ውጭ ይጠብቅ። ለሁሉም ስለምታደርጊው ማንም አይከፋውም። ከዚያ ቀስ ብለሽ የወር አበባዋ መጨረሻ የመጣው መቼ እንደሆነ ጠይቂያት። ቀኑን ላትነግርሽ ትችላለች። «ከመውሊድ በፊት»፣ «ጥምቀት ሰሞን» ብትልሽ በእሱ ቁጠሪ። ከአራት ሳምንት ካለፈ ወይም ከተጠራጠርሽ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አታንሺ። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ለእኔ የማይነገረኝ ይነገርሻል። ይህን እንደ ትልቅ ሀብት ያዢው።

ልጅ መያዝ ላይ ደግሞ ጠንካራ ሁኚ። የሚያለቅስ ሕፃን ሲመጣ «ተማሪዋ ትያዘው» የሚል ሰው አይጠፋም። አትያዢ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያለ የሚጠራቀመው አንቺ ላይ ነው። የሚይዘው ያላረገዘች እናት ወይም ሌላ ዘመድ ነው፣ እሱም የሊድ ጋዋን (ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ልብስ) ለብሶ፣ እጁን ከጨረሩ መስመር አውጥቶ። የሊድ ጋዋኑን ስትጨርሺ ስቀይው። ከታጠፈ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ከላይ አይታይም።

ከኮምቦልቻ መንገድ በመኪና አደጋ የሚመጣ ሰው አለ። አንገቱ ላይ ያለውን ኮላር (የአንገት መደገፊያ) አታውልቂ፣ አታዙሪው፣ እንደተኛ አንሺው። ሐኪም ሳያይ ማንም «አውልቂ» ቢልሽ አትስሚ።

«ልጄ፣ ምን አለብኝ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብሻል። «ፊልሙን አንብቦ የሚነግርዎ ሐኪም ነው። እኔ በደንብ መውጣቱን ነው የማየው» በያቸው። ፊትሽም አይለዋወጥ፣ ሰው ከአፍሽ በፊት ፊትሽን ነው የሚያነበው። ግን ሳንባ አየር አፍስሶ ልብን ወደ ጎን ሲገፋ ካየሽ ፊልሙ ወረፋውን ይጠብቅ አትበይ። በሽተኛውን ለብቻው ሳትተይ ለአለቃሽና ለሐኪሙ ወዲያው ንገሪ።

«ጨረሩ አይጎዳኝም?» ለሚልሽ ቁጥር ይዘሽ መልሺ። ሰው የሚያገኘው ጨረር በሚሊሲቨርት ይለካል፤ አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው። ሰው ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት ወደ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ስለዚህ የደረቱ ራጅ ቢበዛ የሁለት ሳምንት ያህል ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 8 ሚሊሲቨርት ስለሚደርስ ያለ ምክንያት አይታዘዝም። ሁለቱን «ያው ነው» ብለሽ አታሳልፊ።

አሁን ወደ እናትሽ። ስጋታቸውን አትናቂ፣ እኔም ቤት ተብሏል። ለሙያተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፣ በትክክል የሚሠራ የራጅ ባለሙያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ በታች ነው የሚያገኘው። ሴትን በዘላቂነት የሚያመክነው በሺዎች የሚቆጠር ሚሊግሬይ (አካል ላይ ያረፈ ጨረር የሚለካበት) ኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማምረቻ፣ ላይ ሲያርፍ ነው። እንዲህ ያለው በካንሰር የጨረር ሕክምና እንጂ በራጅ ክፍል ሥራ የሚገጥም አይደለም። ከመከለያው ጀርባ ቁሚ። በፖርተብል፣ ማለትም በሽተኛው አልጋ ድረስ በሚወሰደው ተንቀሳቃሽ ማሽን፣ ስታነሺ ወደኋላ ራቂ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርስሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። አግብተሽ ብታረግዢ በዚያው ሰሞን ለአለቃሽ አሳውቂ። ከተናገርሽበት ቀን ጀምሮ ለፅንሱ 1 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ተደርጎ ነው የምትመደቢው። የምትመጪ ዕለት ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቂው የጨረር መለኪያ ባጅ ይሁን። ለተማሪ የለም ካሉሽ በትምህርት ክፍልሽ በኩል በጽሑፍ ጠይቂ፣ ደረት ላይ ሳታደርጊ ፍሎሮስኮፒ (ራጅ እንደ ቪዲዮ በቀጥታ የሚታይበት) ክፍል አትግቢ።