ማይክ ለመያዝ ለምትመኙ ልጆቼ

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ጎንደር ውስጥ በሩጫው፣ በብስክሌቱ፣ በኳሱ ማይክ ይዤ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ስለ ድራግ ሬስ አስተዋዋቂነት ትጠይቁኛላችሁ። ድራግ ሬስ ሁለት መኪኖች በአጭርና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። በስልካችሁ እያያችሁ ልባችሁ ተሰቅሏል። የእኔም ከተሰቀለ ቆይቷል፤ እንዲያውም ስለ ሙያችን ብዙ ያስተማረኝ ይሄ ስፖርት ነው።

ብዙዎቻችሁ አስተዋዋቂ ማለት ድምፁ የጎላ፣ የሚጮህ ሰው ይመስላችኋል። ቶፕ ፊውል የሚባሉት የድራግ ሬስ ፈጣን መኪኖች 305 ሜትር ያህል መንገድ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሞተሩ ሲያጓራ የትኛውም ሞንታርቦ አይሰማም። ታዲያ እዚያ መሀል ብትጮኹ ማን ሊሰማችሁ ነው? ሥራችሁ ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

በፊት ያለውን ልብ ብላችሁ እዩ። ሹፌሩ ጎማውን ባለበት እያሽከረከረ ያጨሰዋል። እንዲግልና አስፋልቱን እንዲነክስ ነው። ከዚያ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው ቀስ እያሉ ወደ መስመሩ ይጠጋሉ። መሀል ላይ «የገና ዛፍ» የሚሉት የመብራት ምሰሶ አለ። ላይኛዎቹ ትንንሽ መብራቶች ሲበሩ መኪናው ቦታውን ያዘ ማለት ነው። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ቀድሞ የተነሳ ቀይ ይበራበታል፤ አለቀለት። አስተዋዋቂው ማን ከማን ጋር እንደገጠመ፣ ከየት እንደመጣ፣ ባለፈው ማን ማንን እንዳሸነፈ የሚናገረው ጎማው ሲጨስና መኪናው ሲጠጋ ነው። መብራቱ ሊበራ ሲል ዝም ይላል። እኔ አንድን አስተዋዋቂ የምለካው በዚህች ዝምታ ነው።

ከኋላ ያለውም ቀላል አይደለም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መኪናው ከመስመሩ ሲነሳ እንጂ አረንጓዴው ሲበራ አይደለም። አንዱ አረንጓዴው በበራ በ0.04 ሰከንድ ተነስቶ መንገዱን በ3.80 ይጨርሳል እንበል። ሌላው በ0.09 ተነስቶ በ3.77 ይጨርሳል። ሰሌዳው ላይ ሁለተኛው ፈጥኗል፤ ያሸነፈው ግን የመጀመሪያው ነው። ተመልካቹ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ ግራ ሲጋባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አለባችሁ። ይሄ በድምፅ ማማር አይገኝም። ማታ ቁጭ ብሎ በማጥናት ነው።

ከፍታም አንዱ የሚጠና ነገር ነው። ጎንደራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። አሜሪካ ዴንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሜር የተባለው ትራክ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለነበር እዚያ የሚመዘገበው ሰዓት ከቆላው ትራክ የዘገየ ነበር። ይህን የማያውቅ አስተዋዋቂ ሹፌሩን ያለ ጥፋቱ ሰነፍ ያደርገዋል።

ስም ላይ ደግሞ አትቀልዱ። እኛ ዓፄ ቴዎድሮስን በፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ብለን ስንጠራ ያደግን ነን። ድራግ ሬስም ስመ ጥር ሹፌሮቹን ዶን ጋርሊትስን «ቢግ ዳዲ»፣ ሸርሊ ማልዳውኒን «ቻ ቻ» ይል ነበር። ቅጽል ስም ሕዝቡን ያሞቃል። ባለቤቱ ካልወደደው ግን ስድብ ነው፤ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

አደጋ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ የተባለው ሹፌር በውድድር ማጣሪያ ላይ ሕይወቱ አልፏል። የፈጣኖቹ መኪኖች ርቀት ከ402 ሜትር ወደ 305 ያጠረው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ማይኩ እጃችሁ ላይ ከሆነ አትገምቱ፤ «ደህና ነው» አትበሉ፤ «ሞተ» አትበሉ። የሚታየውን ብቻ ተናገሩ፦ ሐኪሞች ደርሰዋል፣ ውድድሩ ቆሟል፣ እባካችሁ ከቦታችሁ አትነሱ። እናቱ እዚያው ተመልካች መሀል ልትኖር ትችላለች። ብስክሌት ላይም፣ ሩጫ ላይም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ አባት ልለምናችሁ። ጓደኞቻችሁ «ማታ አዘዞ መንገድ ላይ እንሽቀዳደም፣ አንተ ታስተዋውቃለህ» ቢሏችሁ እምቢ በሉ። በዚያ መንገድ ባጃጅ አለ፣ እግረኛ አለ፣ ከሥራ የሚመለስ ሰው አለ። ዋሊ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካውን የድራግ ሬስ ማኅበር ሲያቋቁም አንዱ ትልቅ ዓላማው ወጣቱን ከመንገድ ላይ ሽቅድምድም ማውጣት ነበር። የእናንተ ድምፅ ልጅን ነዳጅ እንዲረግጥ ያደርጋል፤ ማይክ ያን ያህል ጉልበት አለው።

ገንዘቡን በተመለከተ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እዚህ በአስተዋዋቂነት ብቻ ቤት አይተዳደርም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ባዛር እየመራችሁ ነው የምትቆዩት። እሱንም አትናቁት፤ ስም መጥራትና ሰው ማዳመጥ የሚለመደው እዚያ ነው።

የድራግ ሬስ ትራክ እኛም ጋ እስኪመጣ ድረስ ከሩጫ ጀምሩ። ፒያሳ ላይ ውድድር ሲኖር አዘጋጆቹ ጋ ሄዳችሁ በነፃ ላገልግል በሉ። የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር በዋዜማው ተቀበሉ። ስሙ እንዴት እንደሚነበብ ያላወቃችሁት ካለ ባለቤቱን ፈልጋችሁ ራሱን ጠይቁት። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣና ማን እንዳሠለጠነውም ጻፉ። ከኋላ የሚመጡትንም አትርሱ፤ የእነሱን ስም አጥንቶ የሚመጣ አስተዋዋቂ እስካሁን ብዙ አላየሁም።