ፊልተር ከመጨመርህ በፊት ኖይዙ የሚሄድበትን መንገድ ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ከመብራት 12 ቮልት 3 አምፒር የሚሰጥ ፍላይባክ ፓወር ሰፕላይ (ከረንቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ በትራንስፎርመር ቮልቴጅ የሚቀይር) ሠርተሃል። ሎድ ሲገባበት አጠገቡ ያለው ሬዲዮ ይንጫጫል። መግቢያው ላይ ፊልተር ብትጨምርም ለውጥ አላየህም። የኖይዙ መጠን ወደሚፈተንበት ላብራቶሪ ከመውሰድህ በፊት ምን ማድረግ እንዳለብህ ነው የጠየቅከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «ትልቅ ፊልተር ግዛ» ብለውሃል። እባክህ ወንድሜ፣ ገና አትግዛ። እኛ መሥሪያ ቤት ይህ ምክር ያስወጣውን ገንዘብና ያባከነውን ጊዜ ስለማውቅ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

መሠረታዊውን እዘለዋለሁ። ፍላይባክ ሠርተህ 3 አምፒር እስኪሸከም ካደረስክ ሞስፌትና ዳዮድ ምን እንደሆኑ አላስተምርህም።

1. መጀመሪያ ኖይዙ፣ ማለትም ሬዲዮውን የሚያንጫጫው የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለይ። በፌዝ ሄዶ በኑዩትራል የሚመለሰው ዲፈረንሻል ሞድ ነው። በሁለቱም ሽቦዎች በአንድ አቅጣጫ ወጥቶ በግራውንድ የሚመለሰው ደግሞ ኮመን ሞድ ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ኤክስ ካፓሲተር በፌዝና በኑዩትራል መካከል ስለሚገባ ኮመን ሞዱን አይነካውም። ችግርህ ኮመን ሞድ ሆኖ ኤክስ ካፓሲተር ብትደረድር ሬዲዮው ዝም አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 1 ወይም 2 ሜጋኸርዝ የሚያስቸግረው ዲፈረንሻል ሞዱ ነው፣ ከዚያ በላይ ኮመን ሞዱ ይበረታል።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኬብል ላይ የሚቆለፈውን ተከፋች ፌራይት (ጥቁር የማግኔት ቀለበት) አምጣ። የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ ጥቂት ዙር ጠምጥምበትና በኮአክሲያል ኬብል ወደ ኦሲሎስኮፕ ውሰደው። የእስኮፑን መግቢያ 50 ኦም አድርገው። አሁን ፌዙንና ኑዩትራሉን ሽፋናቸው እንዳለ አንድ ላይ በፌራይቱ ውስጥ አሳልፋቸው። የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጠፋፋሉ፤ እስኮፑ ላይ የሚቀርህ ኮመን ሞዱ ብቻ ነው። ቀጥለህ አንዱን ሽቦ ብቻ አሳልፈህ አወዳድር። ልዩነቱ የቱ እንደሚበልጥ ይነግርሃል። ፕራይመሪው (ከመብራቱ ጋር የተገናኘው ወገን) ላይ ግን የእስኮፑን ግራውንድ በፍጹም እንዳታስነካ። እዚያ መለካት ካለብህ በዲፈረንሻል ፕሮብ ብቻ።

ሬዲዮህንም አትናቀው። በባትሪ የሚሠራ የኤ ኤም ሬዲዮ ከሆነ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ኮንትሮለርህ በ65 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ሬዲዮውን ስታዞር በየ65 ኪሎኸርዙ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሬዲዮውን በመግቢያው ኬብል፣ በመውጫው ኬብልና በቦርዱ ላይ በየተራ አስጠጋው። የቱ ጋ እንደሚብስ ጆሮህ ይነግርሃል።

2. ከረንት የሚቆራረጥባቸውን ሉፖች፣ ማለትም ዞሮ የሚመለስባቸውን ቀለበቶች፣ አጥብብ። ፍላይባክ ውስጥ ሁለቱ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛው ከትልቁ ካፓሲተር ተነስቶ በትራንስፎርመሩ ፕራይመሪና በሞስፌቱ አልፎ የሚመለሰው ነው። ሁለተኛው ከሴኮንደሪው (ከመውጫው ወገን ጥምጥም) በዳዮዱና በመውጫው ካፓሲተር የሚዞረው ነው። 1 ሚሊሜትር ትራክ በግምት እስከ 1 ናኖሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው ብለህ ያዝ። 20 ናኖሄንሪ ባለው መንገድ ላይ 2 አምፒር በ20 ናኖሰከንድ ሲቋረጥ 2 ቮልት ይፈጠራል። ይህን ማንኛውም ፊልተር ከምንጩ አያጠፋልህም። ካፓሲተሮቹን ከሞስፌቱና ከዳዮዱ ጋር አጠጋጋ፣ የመመለሻው ግራውንድ ከሥር ሳይቆራረጥ ይለፍ።

3. መግቢያና መውጫ ኬብሎችን አራርቅ። አንገብግቦኝ የቀረው ይሄኛው ነው።

የምንሠራው ቻርጀር ነበር። ፊልተሩ የተሟላ ነው፤ ኤክስ ካፓሲተር አለው፣ ኮመን ሞዱን የሚያግድ ጥምጥም (ኮመን ሞድ ቾክ) አለው፣ ኮመን ሞዱን ወደ ምንጩ የሚመልስ ዋይ ካፓሲተር አለው። ላብራቶሪ ወሰድነው። ግራፉ 10 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከገደቡ በላይ ወጣ። የሚፈትነው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «አላለፈም» አለ። ሣጥኑን ከፍቼ አንድ ነገር ልይ ብዬ ለመንኩት። «እዚህ ይፈተናል እንጂ አይጠገንም» አለኝ። ክፍያው በሰዓት ነው፤ እኔን ደጅ አቁሞ ሰዓቱ ይቆጥራል። ስንወጣ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «ፊልተራችሁ ትንሽ ነው» ብሎ ላከን። ሰው ከፍሎ ሲመጣ ቢያንስ የትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ፣ ኬብሉ ሲነካካ ግራፉ ይቀየር እንደሆነ ማሳየት ምን ይከብዳል? ያቺ አንዲት ቃል ናት ያስከፈለችን። አለቃዬ አመናት። መጀመሪያ እንለካ ብዬ ብከራከርም ሰሚ አላገኘሁም፤ ትልቅ ቾክ ታዘዘ፣ ቦርዱ ለትልቁ ቾክ እንደገና ተሠራ። ተመልሰን ስንፈተን ግራፉ ያው ነበር።

ከዚያ ቻርጀሩን ይዤ ወደ ወርክሾፕ ገባሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ገጣጣሚው ሥራው ንጹህ እንዲመስል የመግቢያውን ሽቦና የመውጫውን ኬብል አንድ ላይ አድርጎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠርንፎታል። ጥቅሉ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ከላይ የነገርኩህን ፌራይት ከመግቢያው ገመድ ላይ ቆለፍኩና ማሰሪያውን ቆረጥኩት። ሽቦዎቹን በጣቴ ለየት ሳደርጋቸው እስኮፑ ላይ ያለው ሞገድ ዓይኔ እያየ ወረደ። መልሼ ሳጠጋቸው ተመልሶ ወጣ። አለቃዬን ጠርቼ ራሱ እንዲያደርገው ሰጠሁት።

ለምን እንደሆነ ቁጥሩን ልስጥህ። 2 ፒኮፋራድ ኢምንት ነው፤ ጎን ለጎን የተኙ ሽቦዎች ከዚያ በላይ አላቸው። 10 ሜጋኸርዝ ላይ 2 ፒኮፋራድ ወደ 8 ኪሎኦም ይሆናል። ከትራንስፎርመሩ በኩል 1 ቮልት ኖይዝ ካለ በዚያ በኩል 125 ማይክሮአምፒር ያልፋል። ቤት ውስጥ ለሚያገለግሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚሠራበት የሲስፐር 32 (CISPR 32፣ የኖይዝ ገደብ መስፈርት) ክላስ ቢ ገደብ ከ5 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ላይ አማካዩ 50 ዴሲቤል ማይክሮቮልት፣ ማለትም 0.3 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በ50 ኦም ስታሰላው በአንድ መስመር 6 ማይክሮአምፒር ገደማ ነው። 125ቱን ለሁለቱ መስመሮች ብታካፍለው እንኳ ከገደቡ 10 እጥፍ ይሆናል። ኖይዙ ፊልተሩን ዘሎ፣ ከፊልተሩ ወደ መብራቱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው የሚያርፈው። ፊልተሩ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ በር ቆልፎ መስኮቱን ክፍት እንደመተው ነው።

ስለዚህ ያንተን ሣጥን ዛሬውኑ ክፈት። ፊልተሩን ከኬብሉ መግቢያ አፍ ላይ አድርገው። ከፊልተሩ በፊትና በኋላ ያሉትን ትራኮች አታቀራርብ። ከጥያቄህ ጋር በለጠፍከው ፎቶ ላይ ቾኩ ከትራንስፎርመሩ ጎን ተለጥፎ አየሁት። እሱን አዙረው ወይም አርቀው፤ የትራንስፎርመሩ ማግኔታዊ መስክ በቀጥታ ይገባበታል።

ሄትሲንኩም (የሞስፌቱ ሙቀት ማስወገጃ ብረት) የዚሁ ወንድም ነው። የሞስፌቱ ድሬይን (ቮልቴጁ የሚዘልበት እግሩ) ከሄትሲንኩ ጋር በመከለያው በኩል 50 ፒኮፋራድ ቢኖረውና 300 ቮልት በ50 ናኖሰከንድ ቢዘል፣ ለቅጽበት 0.3 አምፒር ወደ ሄትሲንኩ ይገፋል። ሄትሲንኩን ሳታስር አትተወው። ወደ ፕራይመሪው ግራውንድ አገናኘው፤ ከረንቱ እዚያው ዞሮ ይመለሳል። ሰው የሚነካው ብረት ከሆነ ግን ይህን እንዳታደርግ፤ ያኔ ወደ መሬት ግራውንድ ነው የሚታሰረው።

የመውጫው ዳዮድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ ካየህ ስነበር (ሞገዱን የሚያረግብ ሬዚስተርና ካፓሲተር) ግጠምበት። በግምት አይደለም። ሞገዱ በስንት እንደሚንቀጠቀጥ ለካ። ቀጥለህ ዳዮዱ ላይ ካፓሲተር እየቀያየርክ ፍሪኩዌንሲውን ግማሽ አድርሰው። ለምሳሌ 40 ሜጋኸርዝ የነበረው በ300 ፒኮፋራድ 20 ከሆነ፣ የተደበቀው ካፓሲታንስ የጨመርከው ሲሶ፣ ማለትም 100 ፒኮፋራድ ነው። ኢንዳክታንሱ 158 ናኖሄንሪ ይወጣል፣ ሬዚስተሩ 40 ኦም ገደማ። 39 ኦምና 330 ፒኮፋራድ በተከታታይ አድርገህ ዳዮዱ ላይ ብየደው። እግሮቹ አጫጭር ይሁኑ። ይህን ስትለካ ረጅሙን የእስኮፕ ግራውንድ ሽቦ አውልቀህ አጭሩን ስፕሪንግ ተጠቀም፤ አለበለዚያ የምታየው የራስህን ሽቦ ሞገድ ነው።

የሞስፌቱን ጌት ሬዚስተር ከፍ ማድረግም ይረዳል፣ ግን ሙቀት ይጨምራል። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምነካው።

ስለ ዋይ ካፓሲተር አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሃለሁ። በፕራይመሪና በሴኮንደሪ መካከል የሚገባው ኮመን ሞዱን አጭር መንገድ አስይዞ ወደ ምንጩ ስለሚመልሰው ብዙ ይጠቅማል፤ 1 ወይም 2.2 ናኖፋራድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ዋይ 1 ተብሎ የተመሰከረለት ብቻ አስገባ። ዋጋ ለመቀነስ ብሎ ተራውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተር ያስገዛ ሰው አጋጥሞኛል፣ ተጣልቼ ነው ያስመለስኩት። ተራው ሾርት ሲያደርግ የመብራቱ ቮልቴጅ በ12 ቮልት ሶኬቱ በኩል ሰው እጅ ላይ ይመጣል። ኖይዙን ለመቀነስ ብለህ መጠኑንም አታብዛው፣ የሚሾልከው ከረንት ይጨምራል። ኤክስ ካፓሲተርህ ከ0.1 ማይክሮፋራድ በላይ ከሆነ ደግሞ ቻርጁን የሚያፈስ ሬዚስተር አድርግለት፣ የተነቀለ ስፒና ሰው እንዳይነዝር።

ላብራቶሪ ስትሄድ ፌራይቱን፣ ትርፍ ዋይ ካፓሲተርና ካውያህን ይዘህ ሂድ። ገና ቀጠሮ ስትይዝ ደግሞ መሃል ላይ ክዳን ከፍቶ ማስተካከል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ፤ አይፈቀድም ካሉህ ሌላ ቦታ ፈልግ። ማታ ላይ እዚህ እገባለሁ። የቦርዱን የታችኛውን ፊት ፎቶ አንሳና ለጥፈው፤ የግራውንዱን መንገድ አብረን እናየዋለን።