ባቄላው ለምን አልበስል አለ? እና ሌሎች የማድ ቤት ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከከተማው ዳር ናቸው። ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ። ብርዱም፣ የመብራት መቆራረጡም፣ የገበያው ርቀትም ዞሮ ዞሮ ድስቱ ውስጥ ይገባል። ፍልሰታ እየደረሰች ስለሆነ ዛሬ የመረጥኳቸው ለጾም ድስት የሚሆኑትን ነው።

«አንቺ ራስሽ ስለ ምግብ መጻፍ እንዴት ጀመርሽ? ሼፍ ነሽ እንዴ?» ከለገጣፎ

ሼፍ አይደለሁም። ሆቴል ሠርቼም አላውቅም። ያደግሁት ሰበታ ነው፤ ወጥ የተማርኩትም ከእናቴና ከአያቴ ጎን ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ ነው። አያቴ ምንም ብትጠየቅ መልሷ አንድ ነበር፦ «እስኪበቃው»። ጨው ስንት? እስኪበቃው። እሳት ላይ ስንት ይቆይ? እስኪበቃው። እሷ እጇ ያውቃል፣ ስለዚህ ልክ ነበረች።

አሁን የጎረቤቶቼን ቤት ሳይ ግን ብዙዎቹ ከእናታቸው ርቀው ነው የሚኖሩት። ከሥራ ሲገቡ መሽቷል። ጠባብ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን ይታገላሉ። «እስኪበቃው» ሲባል ወጡ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሸት፣ ድስቱ ምን ድምፅ እንደሚያወጣ የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው የለም። መጻፍ የጀመርኩት ያንን ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያበሉት ግብር እስከ ዛሬ ይወራል። ይገባዋልም። በዚያው ዘመን አንዲት እናት ረቡዕ ማታ ለልጆቿ የሠራችው ወጥ ግን ማን ጻፈው? የዓመት በዓል ዶሮ ተቆርቋሪ ሞልቶታል። እኔ የምቆረቆረው ለሰኞው ሽሮ ነው። ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚያድረው በእሱ ነዋ!

«ባቄላ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ግማሽ ቀን ብቀቅለውም ውስጡ ድንጋይ ነው። አርጅቶ ይሆን?» ከሱሉልታ

ሊሆን ይችላል፤ የከረመ ባቄላ እልኸኛ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ከፍታችሁን ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እናንተ ከእንጦጦ ማዶ ያላችሁት ደግሞ ከዚያም ከፍ ስለምትሉ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላላችኋል። እሳቱን ብታበዢው ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ጋዙና ከሰሉ በከንቱ ያልቃል።

ለዚህ ነው ፕሬዠር ኩከርን ቅንጦት የሚሉትን የማልስማማቸው። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ባቄላም በሉት አጥንት ያለው ሥጋ ጊዜው በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። አቅም ካልፈቀደ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተዋጥታችሁ ግዙት። ከድኑ ሥር ያለውን ጎማ ብቻ በየጊዜው እዩ።

ሁለተኛው ውኃው ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል? እንግዲያው ውኃሽ ካልሲየም ይበዛዋል፤ የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ካልሲየም የጥራጥሬውን ቆዳ ያጠነክራል። ውኃውን ቀድመሽ አፍዪውና አቀዝቅዢው። ነጩ ሲዘቅጥ ከላይ ቀድተሽ በእሱ ቀቅዪ።

ቲማቲምም ሆነ ሎሚ ባቄላው ሳይላላ አይግባ። ኮምጣጣ ነገር መብሰሉን ያዘገየዋል። በመሃል ውኃ ካነሰም የምትጨምሪው የፈላ ውኃ ይሁን።

«ሽንኩርት ተወደደ። ወጥ ላይ ቀንሼ በዘይት ባካክሰውስ?» ከኮዬ ፈጬ

ዘይቱም እኮ ተወዷል እህቴ! ደግሞም አያካክስም። የወጥ ውፍረትም ጣፋጭነትም ከሽንኩርቱ ነው የሚመጣው። ዘይት ያሳምረዋል እንጂ አካል አይሆነውም። ስለዚህ ያለሽን ጥቂት ሽንኩርት በደንብ ማቁላላት ነው የሚያዋጣው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአብዛኛው ወጥ ችግር እዚህ ነው።

በቢላ አድቅቀሽ ክተፊው። መፍጫ ውስጥ ከገባ ውኃ ይሆንና መራራ ነገር ያመጣል። ደረቁን፣ ዘይት ሳይነካው፣ መካከለኛ እሳት ላይ ጣጂው። መጀመሪያ ጩኸት አለው፤ ውኃውን እየለቀቀ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ከዚያ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ማማሰያው ድስቱን ያዝ ያዝ ማድረግ ይጀምራል። ያኔ ዘይት የሚፈስ ይመስላል፤ ገና ነው። የፈላ ውኃ ጠብ አድርጊና ማማሰሉን ቀጥዪ። ሽታው ወደ ጣፋጭነት ሲዞርና ሽንኩርቱ በማማሰያው ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን፣ አሁን ዘይት። በርበሬው ከዚያ ይከተላል። እሱንም ውኃ ጠብ እያደረግሽ እስኪያብረቀርቅና ጥሬ ሽታው እስኪለቅ አብስዪው።

ከሥራ ማታ የምትገቡ ደግሞ ቁሌቱን እሑድ በትልቅ ድስት ሥሩት። ለሳምንቱ የሚሆነውን ፍሪጅ፣ የቀረውን በየአንድ ወጥ ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር። ረቡዕ ማታ ሽሮው በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ክረምት ላይ ዋጋው ሲሰቀል ቅናሽ በነበረ ጊዜ የተቁላላ ቁሌት ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው።

«ከቦሌ ከመጣን ወዲህ እንጀራዬ ዓይን የለውም። ጤፉ ያው ነው፣ ምጣዱም ያው ነው።» ከሰንዳፋ

አየሩ ግን ያው አይደለም። ብርድ እርሾውን ያንቀራፍፈዋል። ቦሌ ሳለሽ በሁለት ቀን ይደርስ የነበረው ሊጥ አሁን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይፈልጋል። ቀን አትቁጠሪ፣ ሊጡን እዪው። ላዩ ላይ ውኃው አቅርሮ፣ ሽታው ኮምጠጥ ሲል ነው የደረሰው። ቡሃቃውን ሌሊት በጋቢ ጠቅልለሽ ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሺው።

ያቀረረውን ውኃ ድፊና አብሲቱን ጣዪ። ከሊጡ ትንሽ ወስደሽ በሚፈላ ውኃ እያማሰልሽ ወፈር እስኪል አብስዪ። ከዚያ ለብ እስኪል ጠብቂ! ትኩሱን ከመለስሽው እርሾውን ይገድለዋል። ከቀላቀልሽ በኋላ ኩፍ ሲል ነው መጋገር። ኩፍ ብሎ መልሶ ከወረደ አየሩ አምልጧል፤ ዓይኑም አብሮ ሄዷል። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ አድርጊ፣ ከጫፍ ወደ መሃል አዙሪ፣ ዓይኑ እስኪወጣ ሳትከድኚ ታገሺ። አክንባሎው ከዚያ ነው።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ ስሰካ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ።» ከቱሉ ዲምቱ

ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ከእሱ ጋር ምድጃም፣ የውኃ ማሞቂያም፣ ካውያም አይሰካ። ብቻውን ሆኖም ከወረደ መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ይየው፤ ከፍ ያለ ብሬከር ቀይሮ ማለፍ ቤት ያቃጥላል። መብራት ለመቆጠብ ደግሞ የመጨረሻዋን እንጀራ ምጣዱን አጥፍታችሁ በቀረው ሙቀት አውጧት።

«ልጄ፣ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ጎመን ርካሽ ነው። በሎሚና በጨው ካጠብነው ምን አለበት?» ከአቃቂ

አባቴ፣ ጥያቄዎ ልቤን ነካው፤ ርካሽ ጎመን የብዙ ቤት መዳኛ ነውና። ግን እውነቱን ልንገርዎ። ማጠብ አፈሩንና የጀርሙን ከፊል ያስወግዳል፣ የቀረውን ጀርም ማብሰል ይገድለዋል። የአቃቂ ወንዞች ግን የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዘው ነው የሚወርዱት። በዚህ ውኃ በለሙ አትክልቶች ላይ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በጥናት ታይቷል። እነዚህ በሥር ገብተው ቅጠሉ ውስጥ ስለሚያድሩ ሎሚም፣ ጨውም፣ እሳትም አያወጣቸውም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አልመክርም።

ግቢ ካለዎት ሁለት ሦስት ማዳበሪያ ጆንያ አፈርና ፍግ ሞልተው የሐበሻ ጎመን ይትከሉ። ቅጠሉን ከታች ከታች እየቀነጠሱ ከላይ እንዲያድግ ይተዉት። በክረምት ውኃ ማጠጣት እንኳ አያስፈልገውም።

«ለሽሮ እህል ስገዛ ጓያ ቢቀላቀል ርካሽ ይሆንልሻል አሉኝ። ምን ትያለሽ?» ከቡራዩ

ተዪው። ጓያ በብዛት ለወራት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባ ያደረጋቸው ብዙ ናቸው። ጉዳቱም ከደረሰ በኋላ አይመለስም። ሽምብራና አተር ይበቃሻል፤ ርካሽ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ባቄላውን ጨምሪ። ራስሽ ለቅመሽ፣ ቆልተሽ፣ ከክከሽ አስፈጪው። ጓያ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ጠፍጠፍ ያለ ፍሬ ነው፤ ሰፌድ ላይ በዓይን ይለያል።

«ወንደላጤ ነኝ። ያለችኝ አንድ ምድጃና አንድ ድስት ናት። በፍልሰታ ከሽሮ ሌላ ምን ልሥራ?» ከገላን

ምስር ክክ፣ ወንድሜ። መዘፍዘፍ አይፈልግም። ለቅመህ ውኃው እስኪጠራ እጠበው። ሁለት ራስ ሽንኩርት ከላይ እንዳልኩት አቁላላ፣ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትል። ከዚያ የፈላ ውኃ ጨምርና አንድ ኩባያ ክክ ክተትበት። እሳቱን ቀንሰህ ከደን አድርገው። በእኛ አየር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ክኩ ሲፈራርስ ጨውና ትንሽ መከለሻ ጨምረህ አምስት ደቂቃ አቆየውና አውጣ። የተረፈውን ጠዋት ዳቦ ውስጥ አድርገህ ሥራ ቦታ ይዘኸው መሄድ ትችላለህ።